ከግድቡ እግር ሥር የፈለቀው ውሃ

ሰው ግድብ ሲባል የሚታየው ሲሚንቶ ነው፤ ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመረመርኋቸው ግድቦች አብዛኞቹ የአፈር ክምር ናቸው። ከኋላቸው ያቆሩትም ማንም የማይፈልገውን ጭቃ ነው። ስለዚህ ሪባን አይቆረጥላቸውም፤ እስኪንሸራተቱ ድረስም የሚያስታውሳቸው የለም። ከነዚያ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ አንዱ ነው።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ከሰባታሚት ባሻገር፣ በደርግ ጊዜ አንድ የድንጋይ ካባ ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ በድማሚት ይፈነዳል፣ ይፈጫል፣ ጠጠሩ በውሃ ይታጠባል። ጠጠሩ ለመንገድ ይሄዳል፤ እጣቢው ይቀራል። እጣቢው ከውሃ ጋር የተለወሰ፣ አመድ የመሰለ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ነው፤ እኛ የሙያው ሰዎች ዝቃጭ እንለዋለን። ዝቃጩ ወደ አባይ እንዳይወርድ ሸለቆው አፍ ላይ በቀይ አፈር ግድብ ተገትቶ ይጠራቀም ነበር። ግድቡ ሲሞላ ከፍ ይደረጋል። በአፈር ከፍ ቢደረግ ደግ ነበር፤ ግን አፈር የሚያመላልስ መኪና የለም፣ ናፍጣም በራሽን ነው። ስለዚህ ከኋላው የደረቀውን ዝቃጭ እየዛቁ አናቱ ላይ መቆለል ጀመሩ። በ1976 ክረምት ግድቡ አሥራ አራት ሜትር ሲደርስ የላይኛው ግማሹ የቆመው በራሱ ጭቃ ላይ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የእኔ ሥራ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ አጠገብ ከነበረው የአፈር ላቦራቶሪ በየወሩ እየሄድሁ ግድቡ ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል የሚለውን መመርመር ነበር። በግድቡ ገላ ውስጥ አምስት ቀጫጭን ቱቦዎች ተቀብረዋል። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ወደ ቱቦው ይወርዳል፤ ብረቱ ውሃ ሲነካ ጠብ ይላል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ይለካል። ውሃው በግድቡ ሆድ ውስጥ የት ድረስ እንደወጣ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ነው፦ አፈሩን ይዞ የሚያቆመው ኃይል ወደ ታች ለሚጎትተው ኃይል ይካፈላል። መልሱ አንድ ተኩል ከሆነ ተኝቶ ማደር ይቻላል። አንድ ከሆነ ግድቡ የቆመው በልማድ ነው።

በሰኔ አንድ ነጥብ ሁለት አገኘሁ። የካባው ሥራ አስኪያጅ ለነበረው ለጓድ ደሞዝ የኩሬውን ውሃ በሁለት ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ግድቡንም ከፍ ማድረጉን አቁሙ ብዬ ጻፍሁለት። ደሞዝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ፣ ቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረ፣ ሠራተኛው ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ሁለት ይከበራል፣ እንግዶቹ የሚያልፉበት መንገድ ጠጠር ይፈልጋል፣ ጠጠሩ የሚታጠበው ደግሞ ከኩሬው ተመልሶ በሚሳብ ውሃ ነው ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ከበዓሉ በኋላ ያልኸው ሁሉ ይሆናል አለኝ። ግድቡ መስከረም ሁለትን አያውቅም አልሁት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ እንጃ።

ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ለልኬት ስሄድ አገኘሁ የሚባለው የግድቡ ዘበኛ ከሩቅ ተቀበለኝና ከግድቡ እግር ሥር ጠበል መፍለቁን ነገረኝ። መጀመሪያ የሚያሾፍ መሰለኝ። ወርጄ ሳይ ግን እውነትም ቀዩ ተዳፋት መሬት ከሚነካበት ቦታ ላይ እንደ ክንድ የወፈረ ንጹሕ ውሃ ይወርዳል። ዙሪያውን ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። የእግር ቁስል ለዓመታት ያሠቃያት አንዲት ሴት በዚህ ውሃ ታጥባ ቁስሏ ደርቋል ተብሎ ነበር፤ ወሬው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባታሚትን አልፎ ግሽ አባይ ገብቷል። ውሃውን የእመቤታችን ጠበል ብለውታል።

ለእኔ ጠበል አልነበረም። ኩሬው በግድቡ ሆድ በኩል መንገድ አግኝቶ እየወጣ ነው። ውሃው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ግድቡ እያለቀሰ ነው እንላለን፤ ያስፈራል እንጂ አይገድልም። ከውሃው ጋር ደለል መውጣት ከጀመረ ግን ውስጡ እየተበላ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በቀን ነው፤ አንዳንዴም በሰዓት።

ከውሃው አጠገብ መስቀል ይዘው የቆሙትን ሽማግሌ አወቅኋቸው። የኔታ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። ጣና ዳር ካለ ደብር ዳዊት ያስደገሙኝ፣ አባቴ ሲሞት አጠገቤ ቆመው ፍትሐት ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ግማሹ ተማሪያቸው ለውትድርና ተወስዶ፣ ግማሹ በየገጠሩ ተበትኖ ባዶ ጉባኤ ቤት ቀርተው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው ነው የለዩኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ውሃው ከምን እንደመጣ ነገርኋቸው።

«ከግድቡ እንደመጣማ አውቃለሁ፤ ከየት ሊመጣ ኑሯል?» አሉኝ። «ከዓለት ያፈለቀ አምላክ ከግድብ ማፍለቅ ያቅተዋል፣ ልጄ?»

የእኔ ትምህርት ውሃው በየት እንደመጣ ይናገራል፤ ማን እንዳመጣው አይናገርም። ዙሪያውን ስቃኝ ግን ከውሃው የባሰ ነገር አየሁ። ጠበልተኛው መጠመቂያ ሊያበጅ ሲል የግድቡን እግር ቆፍሮታል። ስፋቱ አምስት ሜትር፣ ወደ ውስጥም ሁለት ሜትር የሚሆን ቀይ አፈር ተዝቆ ወጥቷል። እግሩ እንዳይንሸራተት የተደረደረው ከባድ ድንጋይም ተፈንቅሎ የመጠመቂያው ግድግዳ ሆኗል። የተዳፋት እግር ማለት በር ላይ የተደገፈ ሰው እግር ነው፤ ወደ ኋላ ከሳቡት ሰውየው ይወድቃል። የዚያን ቀን ጮህሁ። ማንም ሰው አንዲት አካፋ አፈር ከዚህ እንዳያነሳ ብዬ ጮህሁ። የኔታም ቃሌን ተቀብለው ቁፋሮውን በመስቀላቸው ከለከሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጭብጥ አፈር አልተነካም። የተቆፈረው ግን ተቆፍሯል።

መድኃኒቱን አውቀው ነበር። ውሃው በሚወጣበት አፍ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ መቆለል ነው፤ ውሃው ይወጣል፣ ደለሉ ይቀራል፣ እግሩም ክብደት ያገኛል። ይህን ስናገር ሴቶቹ እሪ አሉ። ድንጋይ ከተጫነበት ጠበሉ ይሰወራል አሉ። የኔታም ጠበል አይቀበርም ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። በግድ ላስደርገው ብል የማዝዘው የቀን ሠራተኛ እንኳ አልነበረኝም፤ ሁሉም መንገዱ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ለመንኋቸው። ከውሃው ጋር አፈር የወጣ ቀን አንድ ሰው ሳይቀር ወደ ኮረብታው እንዲያስወጡ፣ ለእኔም እንዲልኩብኝ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ቃል ገቡልኝ። ይህን ያህል ብልህ ነበርሁ።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሒሳቡን ሠራሁ። እግሩ ተቆፍሮ ሳለ አንድ ነጥብ ዜሮ አራት ይመጣል። ያልተቆፈረ ነው ብዬ ደግሜ ሠራሁት፤ አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ በሚወጣበት ፍጥነት ከሄደ ደግሞ፣ ቁፋሮ ኖረም አልኖረም፣ ግድቡ ነሐሴ ሃያን አይሻገርም። ለደሞዝ በጻፍሁት ሪፖርት ላይ ይህንኑ ገለጽሁ፤ ውሃው ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀነስ አልሁ። ስለ ቁፋሮው ግን አንድ ፊደል አልጻፍሁም። በዚያ ዘመን የመንግሥት ግድብ ተቆፈረ ከተባለ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። የኔታን በገዛ ብዕሬ አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ራሴን አመሰገንሁ። ደሞዝ ሪፖርቱን ተቀብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ሳይታክት ይወርዳል። ሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ከግድቡ ሥር ዳስ ጥሎ እስከ ነሐሴ አሥራ ስድስት ሱባኤ ያዘ። በሁለት ቀን አንዴ በእግሬ እሄድ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የቱቦዎቹ ልኬት ከፍ ይላል። ዘበኛው አገኘሁ ገመዱን እያወረደ ቁጥሩን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ከላቦራቶሪው ደጃፍ፣ የኔታን የሚረዱት መነኩሲት እማሆይ ወለተ ኪዳን ቆመው አገኘኋቸው። ከሱባኤው ቦታ በጭቃ ሲመጡ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። የኔታ ልከውኝ ነው አሉና ከጉያቸው በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ባለቤቴ ሸዋዬ ጉልበቷን እንደሚያማት የኔታ ያውቁ ነበር፤ ለእሷ ይቀባላት ብለው የላኩት ነው።

ጨርቁን ፈታሁት። አመድ የመሰለ እርጥብ ልም ነገር ነው። በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት። ልስላሴውን አውቀዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ በወንፊት ስነፋው የኖርሁት የድንጋይ ዱቄት ነው።

«ይኸ ከየት ነው፣ እማሆይ?»

«እምነት ወጣልን እኮ! እመቤታችን ጠበሉን ብቻ አይደል፣ የሚቀባውንም ሰጠችን። ከትናንት ጧት ወዲህ እንዲህ ሁኖ ይወርዳል፤ ዛሬማ ወፍሮ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ተቀብቶ ብታየው አንጀት ያርሳል።»

«የኔታ አፈር ከመጣ አስወጣለሁ ብለውኝ አልነበረም?»

እማሆይ ደነገጡ። «ኧረ አልረሱም። እኔው ነኝ ጧት ጧት የማይላቸው። ያገራችን አፈር ቀይ ነው፤ ግድቡም ቀይ ነው። ቀይ ጠብ ብሎ አያውቅም። ይኸማ አፈር አይደለም።»

እጄ ላይ የያዝሁትን ነገር ማስቀመጫ አጣሁ። እኔ የቄስ ዘመድ፣ የደብር ልጅ፣ ካህናት ለሕመምተኛ የሚቀቡት እምነት አመድማ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቅ ሰው፣ አፈር ከመጣ ብዬ ሄድሁ። ግራጫ ከመጣ አላልሁም። ቀዩ ቢመጣ የግድቡ ቆዳ ተላጠ ማለት ነበር። ግራጫው ሲመጣ ግን ሆዱ ተቀዶ ከኋላ ያለው ኩሬ መፍሰስ ጀምሯል። ከትናንት ጧት ወዲህ ሃያ ስድስት ሰዓት ሆኖታል፤ ለእኔም እንደ ስጦታ በጨርቅ ተቋጥሮ መጣልኝ።

የዳቦ ቤት መኪና ለምኜ ከእማሆይ ጋር እየተንገጫገጭን ደረስን። ከግድቡ ሥር ሁለት መቶ ሰው ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን ግራጫ ተቀብቶ ይዘምራል። እናቶች ሕፃናትን ከውሃው አፍ ሥር ይይዛሉ። ውሃው አሁን እንደ ጭን ወፍሯል። ቀና ብዬ ግድቡን ሳይ ከአናቱ በታች አንድ ቀጭን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። የኔታን ወደ ጎን ወስጄ እንደ ልጅ እያለቀስሁ ነገርኋቸው፤ ይኸ እምነት ሳይሆን የኩሬው ዝቃጭ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ይወርዳል አልሁ።

አመኑኝ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው እንዲያውቅልኝ ነው፤ የኔታ በአንድ ቃል አመኑኝ። ድንጋይ ላይ ወጥተው ልጆቼ፣ ለጊዜው ወደ ኮረብታው እንውጣ፣ ጠበሉ እመቤታችን ካለች አይጠፋም ብለው ለመኑ። ሕዝቡ አልሰማቸውም። ሱባኤ በመሐል አይፈታም አለ። አንዳንዱ የኔታ መንግሥት ፈርተው ነው አለ። እኔን ደግሞ ከካባው ቢሮ ስወጣና ስገባ የሚያውቁኝ አሉ፤ የማን መልእክተኛ እንደሆንሁ ተጠቋቆሙ። የኔታ ከድንጋዩ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እነሱን ትቼ እኔ አልወጣም። በል አንተ የምታውቀውን አድርግ» አሉኝ።

የካባው ቢሮ ከግድቡ በስተቀኝ ኮረብታው ላይ ነው። ደሞዝን ወረቀት ሲፈርም አገኘሁት። ስንጥቁንም፣ ግራጫውንም፣ ሕዝቡንም በአንድ ትንፋሽ ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ። ፓምፖቹን ለማዘዝ ስልክ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ዛሬ ብንከፍተው ውሃው ለመጉደል ሦስት ቀን ይፈልጋል አለ፤ እውነቱን ነበር። የቀረው ሰውን ማንሳት ብቻ ነው። አብዮት ጥበቃ እዘዝልኝ አልሁት። ደሞዝ በፍልሰታ ሱባኤ የያዘ ሕዝብ ያለ ምክንያት በትኖ ረብሻ ቢነሳ በበዓሉ ዋዜማ አንገቱ እንደሚሄድ ነገረኝ። የግድቡን አደጋ ብጽፍ ደግሞ ውሃውን ለምን አቆየኸው እባላለሁ አለ። ይህን ያለኝ ሳያፍር ነው፤ ሒሳብ እንደሚያስረዳ መምህር።

«ሌላ ምክንያት ስጠኝ» አለኝ። «አሁኑኑ እደውላለሁ።»

በመስኮቱ ዝማሬው ይሰማል።

«ግድቡን ቆፍረውታል» አልሁ።

ብዕሩን አነሳ። «ማን?»

«ጠበልተኛው።»

«ጠበልተኛ ስም አይደለም፣ አስናቀ። መሪ የለውም?»

ብዕሩንና ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልሁ። የኔታን ስም ከነማዕረጋቸው ጻፍሁ፤ ቁፋሮውን ጻፍሁ፤ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ የተፈነቀለውን ድንጋይ ጻፍሁ። አንድም ውሸት የለበትም። ከታች ፈረምሁ። ደሞዝ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ ስልኩን አነሳ።

አሥራ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች በጭነት መኪና መጡ። ዱላ የያዙ ናቸው፤ ሁለቱ ጠመንጃ አላቸው። ዝማሬው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ዳስ ፈረሰ፣ እንስራ ተሰበረ፣ አንድ ሽማግሌ ጆሮው ደማ። ሰው በዱላ እየተነዳ ወደ መንገዱ ወጣ። የኔታ መጨረሻ ላይ ቀርተው ማንም እንዳልቀረ በደካማ ዓይናቸው እያንዳንዱን ዳስ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ራሳቸው እጃቸውን ሰጡ። ሲያስሯቸው እኔ ሃያ እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወረደ። ነጎድጓድ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። የግድቡ እግር እንደ ሆድ ተነፋ፤ ከአናቱ በታች ያለው ስንጥቅ ተከፈተ፤ ከዚያ መሐሉ ሁሉ በዝግታ፣ ሊቀመጥ እንዳሰበ ሰው፣ ወደ ፊት ሄደ። ቀጥሎ ግራጫው ወጣ። መጠመቂያውን፣ ዳሶቹን፣ ከበታች ያለውን የባሕር ዛፍ ተክል በደቂቃ ውስጥ ሸፈነው፤ እስከ ወንዙ ድረስ ሄዶ ቆመ። ጭቃው ሲረጋ ቁመቱ ከሁለት ሰው በላይ ነበር። መንገዱ ላይ የቆሙትን ቆጠርናቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው፤ የጎደለ የለም። ቁስሏ የደረቀላት ያቺ ሴት አጠገቤ መጥታ፣ ጠበልተኞቿን ስላባረራችሁባት ነው እመቤታችን የተቆጣችው አለችኝ። አልተከራከርሁም።

የሆነው ሁሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዛሬ ጎበዝ ሽማግሌ ነበርሁ።

ግድብ ሲወድቅ ጥፋተኛ ይፈለጋል። መንገዱ በጠጠር እጦት ቆሟል፣ በዓሉ ደርሷል፣ አጣሪ ኮሚቴ መጥቷል። የእኔ የሰኔና የሐምሌ ሪፖርቶች ከፋይሉ አልተገኙም። የተገኘው የነሐሴ አሥራ አንዱ ነው፤ ማን እንደቆፈረ፣ ምን ያህል እንደቆፈረ በጥሩ አማርኛ የተጻፈበት። ሰው ያዳንሁበት ወረቀት ግድቡ ከወደቀ በኋላ ሌላ ሥራ ጀመረ።

በጳጉሜን የኔታን ልጠይቅ ወህኒ ቤት ሄድሁ። ከስተዋል፤ ካባቸው የለም። ስለ ወረቀቱ ይጠይቁኛል ብዬ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንድም አላነሱ። ሰው ሁሉ ተርፏል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሁሉም አልኋቸው። ከዚያ በሽቦው በኩል ተጠጉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ባንቆፍረው ኑሮ ይቆም ነበር?»

«አይቆምም ነበር፣ የኔታ።»

«ልታጽናናኝ አይደለም?»

«አይደለም። ሒሳቡን ሠርቻለሁ። ቁፋሮው አንድ ሳምንት ቢያፈጥነው ነው። ውሃው እንደዚያ ሞልቶ ነሐሴ ሃያን አይሻገርም ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ያን ያህል ጊዜ ሲከብዳቸው የኖረው ይኸው ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ በገዛ እጄ ልቀብር ነበር እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ አሉኝ። ቆይተው ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲያ ይኸንኑ ለዳኞቹ ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልሁ።

ልነግራቸው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። በመስከረም አጋማሽ ግን ደሞዝ ቤቴ መጣ። ሸዋዬ ያቀረበችለትን ሻይ ጠጣ፤ ልጆቹን አጫወተ። ሲወጣ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ስለ የኔታ በኮሚቴው ፊት የተጠየቁት ሰዎች ቁፋሮው የተደረገው በሐምሌ ነው ብለው መናገራቸውን ነገረኝ። ቁፋሮውን በሐምሌ አይተህ በነሐሴ ለምን ጻፍህ ብለው ቢጠይቁህ ምን ትላለህ አለኝ። አላስፈራራኝም። እንዲያውም ተጨንቆልኝ ነበር። ውሃው ነው የጣለው ካልህ ውሃውን ያቆየሁት እኔ ነኝ፣ ቁፋሮውን የደበቅኸው ደግሞ አንተ ነህ፤ ሦስታችን አንድ ላይ እንገባለን አለ። ኮቱን ቆልፎ ሄደ። ሸዋዬ ምን እንዳለኝ ስትጠይቀኝ ስለ ሥራ ነው አልኋት።

ችሎቱ በጥቅምት ተሰየመ። የኔታ በወታደር መሐል ቆመዋል። ስሜ ሲጠራ ድምፄን ለመስማት ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዳኛው ወረቀቱን አሳየኝ፤ ፊርማው ያንተ ነው ወይ አለ፤ የእኔ ነው አልሁ። የግድቡ እግር ተቆፍሯል ወይ አለ፤ ተቆፍሯል አልሁ። ወረቀቱን መለሰና መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ሌላ የምትጨምረው አለ?»

ቁጥሮቹ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበሩ። አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት። ነሐሴ ሃያ። ሁለት ሜትር ውሃ። የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፤ እኔ እንደምናገር አንድ ደቂቃ አልተጠራጠሩም።

«የለኝም» አልሁ።

የኔታ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ዳኛው ዞሩ።

«ልጁ እውነቱን ነው። የቆፈርሁት እኔ ነኝ፤ ሌላውን ሰው አትጠይቁ» አሉ።

አሥር ዓመት ፈረዱባቸው። ስንቅ እልክ ነበር፤ በሰው እጅ። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ሞቱ ሲሉ ሰማሁ። አስከሬናቸውን ተቀብሎ ጣና ዳር ያስቀበራቸው ዘበኛው አገኘሁ ነው፤ እኔ የዚያን ቀን ሥራ ገባሁ።